ከራስጌ የምትቆመው

ሸጋ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። ሻሿ ይንሸራተትና በግራ እጇ ትመልሰዋለች፤ ከዚያ ያሳቃትን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሰረቅ አድርጋ ታየዋለች። ይህን በደንብ የማውቀው አየነው ሲያስቃት ስለማያት ነው። ሌላ ሰው ሲያስቃት ምን እንደምትመስል ልብ ብዬ አላውቅም።

ከጎንደር የጤና ኮሌጅ ተመርቄ እንጅባራ የተመደብኩት በ1956 ዓ.ም. ክረምት ነው። ክሊኒኩ አራት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነበር። ጉሙ እስከ ረፋድ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ስለሚቆይ፣ መርፌ በሚቀቀልበት የላምባ ምድጃ ሁላችንም እጃችንን እናሞቅ ነበር። ሠራተኞቹም አራት ነን። አየነው ኃላፊያችን ነው፤ እዚያው አቅራቢያ ካለው ከጥርባ የመጣ የገበሬ ልጅ ሲሆን ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድሞ ከዚያው ኮሌጅ የወጣ ነው። ድሬሰራችን አበረ በጦር ሠራዊት ውስጥ ቁስል ሲያጥብ ያረጀ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። እኔ ነርስ ነኝ። አራተኛዋ ሸጋ ናት።

ለሸጋ በመዝገብ የተጻፈላት ሥራ ጽዳት ነው። እውነተኛ ሥራዋ ግን ከበሽተኛ ራስጌ መቆም ነበር። ከገጠር የሚመጣልን ሰው ቋንቋው አገውኛ ነው፤ አማርኛ የሚያውቀውም ቢሆን ሲያመው አማርኛው ይጠፋበታል። ሸጋ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ትመጣና ከራስጌው ቆማ የት እንዳመመው ትጠይቀዋለች። ያለውን ለእኔ በአማርኛ፣ የእኔን ለእሱ በቋንቋው ታቀብላለች። በሽተኛው የሚያየው እኔን ሳይሆን እሷን ነው። እኔ መርፌ ነኝ፤ እሷ ሰው ናት።

አየነው ካለ ደግሞ ሁለቱ በቋንቋቸው ይጫወታሉ። በሽተኛው ይስቃል፣ እሷ ትስቃለች፣ እሱም ይስቃል። እኔ የቀኛዝማች ልጅ፣ የደብረ ማርቆሷ፣ ትሪ ይዤ በመካከላቸው እቆማለሁ። ምን ተባባላችሁ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ መጠየቅ አልችልበትም።

በጥምቀት ማግስት አየነው የአንድ በሽተኛ ካርድ ሰጠኝና ወጣ። በካርዱ ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት ነበር።

«እህተማርያም፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ አባትሽ ሽማግሌ ልልክ አስቤአለሁ። የገበሬ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ከወዲሁ አውቃለሁ፤ እሱን እችለዋለሁ። የማላውቀው የአንቺን ነው። ሽማግሌዎቹ ከመነሣታቸው በፊት እሺ ወይም እምቢ ከአፍሽ ልስማ።»

ሦስት ቀን ከደረቴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በአራተኛው ቀን እሺ ልለው ቆርጬ ነበር። ቃሉን መንገድ ለመንገድ እየተለማመድኩት ነበር የመጣሁት። ግቢው ውስጥ ስገባ ሁለቱ ከውኃው በርሜል አጠገብ ቆመው ይሳሳቃሉ። ፋሻ የሚጠቀልለው አበረ ዓይኔ የት እንዳረፈ ሳያይ አልቀረም።

«ሲስተር፣ ይህች እኮ ለእሱ ታጭታ ነበር» አለኝ። «የወተት ጥርሷ ሳይነቀል። አሁን ደግሞ ባሏ ሞቷል። ይኸው ዞረው ዞረው አንድ በርሜል ላይ ተገናኙ።»

እንደ ልማዱ በራሱ ቀልድ ሳቀ። የያዝኩትን እሺ ይዤው ወደ ሥራዬ ገባሁ።

በዚያው ሳምንት ለበላይ መሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ጻፍኩ። «ያልሠለጠነ ሰው በሕክምና ክፍል ውስጥ ስለ መገኘቱ» የሚል ርእስ ሰጠሁት። ስለ ንጽሕና፣ ስለ በሽተኛ ምስጢር፣ ኮሌጅ ስለ ተማርነው ሥርዓት በጥሩ እጅ ጽሕፈት ዘረዘርኩ። ከጻፍኩት ሁሉ አንድም ውሸት አልነበረበትም። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው።

መልሱ በመጋቢት መጀመሪያ፣ በዐቢይ ጾም፣ ማኅተም ተመቶበት መጣ። አየነው ሁላችንንም ሰብስቦ አነበበው። ከሠለጠነ ባለሙያ በስተቀር ማንም ሰው ሕክምና ክፍል እንዳይገባ፣ የጽዳት ሠራተኛም ክፍሉን የምትጠርገው በሽተኛ በሌለበት ሰዓት ብቻ እንዲሆን ይላል። አንብቦ ሲጨርስ ጥር ላይ መጥቶ የነበረውን ተቆጣጣሪ በስሙ ጠርቶ፣ ያ ሰውዬ ሄዶ ያመጣብን ጣጣ ነው አለ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ሸጋ እሺ ብቻ ብላ ባልዲዋን አነሣች። በሩን ስትወጣ ጀርባዋ ላይ የነጠላዋን ጥለት አየሁና ውስጤን ደስ አለው። ደስታው ከመጣ በኋላ ደግሞ ፈራሁት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ክሊኒኩ ውስጥ የሚስቅ አልነበረም። አየነው የራሱንም የእሷንም ሥራ ደርቦ ከራስጌ ወደ ጠረጴዛ ሲመላለስ ይውላል። በጥምቀት ስለ ሰጠኝ ወረቀት ጠየቀኝ ቢባል አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በዓይኑ። እኔም ካርድ እያገላበጥኩ አለፍኩት።

አንድ የአዘና ገበያ ቀን፣ አየነው ገበያተኛውን የፈንጣጣ ክትባት ለመክተብ በበቅሎ ማልዶ ሄደ። ረፋዱ ላይ ስድስት ሰዎች በቃሬዛ አንድ ሰው ተሸክመው መጡ። እጁና እግሩ በጠፍር ታስሯል። ከኋላቸው ሚስቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እየሮጠች ትከተላለች። ስሙ ገበየሁ፣ የእሷ ደግሞ ሽታዬ እንደሆነ ከዚያ በላይ አማርኛ ከማያውቀው ከአንዱ ተሸካሚ ሰማሁ። ሰውየው እንደ እሳት ይፋጃል፤ ዓይኑ ተገልጦ ምንም አያይም። ከሰሞኑ ወደ በለስ ቆላ ወርዶ እንደነበር አንዱ በእጁ ወደ ታች እያመለከተ አስረዳኝ። ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት ነበር። ኪኒን የሚባለውን የወባ መርፌ ቶሎ ካላገኘ እንደሚሞት ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገኝም።

አልጋው ላይ አስተኙትና ጠፍሩን ከአልጋው ብረት ጋር አሰሩት። ደብዳቤው እንደሚለው ሁሉንም እንዲወጡ በእጄ ጠቆምኳቸው። አበረ መርፌውን ከፈላ ውኃ ውስጥ ያወጣል። ወደ ቀኝ እጁ ጎንበስ ስል ጠፍሩ ቆዳውን በልቶት ጣቶቹ ጠቁረዋል። በዚያች ደቂቃ ሰውየው ጸጥ ብሎ ነበር። ልፈታው ጀመርኩ።

ሽታዬ በመስኮቱ አየችኝና መጮህ ጀመረች። ወንዶቹም ተቀላቀሉ፤ በሩን እየደበደቡ አንድ ነገር ደጋግመው ይላሉ። የለቅሶ ይሁን የጠብ አልገባኝም። ዝም በሉ አልኳቸው በአማርኛ። ጠፍሩን ፈታሁት።

ክንዱ እንዴት እንደተነሣ አላየሁም። አበረ ከነትሪው መሬት ላይ ነበር፤ ብልቃጡ ሲሰበር ሰማሁ። እኔን በአንገቴ ይዞ ወደ ራሱ ጎተተኝ። አንድ እጁን ብቻ ነው የፈታሁት፣ ግን አንድ እጁ ለእኔ ይበቃኝ ነበር። አበረ ተነሥቶ ከኋላው ሲይዘው ሰውየው እኔን ለቀቀና ከትሪው የወደቀውን መቀስ ከአልጋው ላይ አነሣ። የአበረ ክንድ ላይ ደም አየሁ። በአልጋውና በግድግዳው መካከል ተጣብቄ ነበር፤ ወዴትም መሄጃ የለኝም። መቀሱ ከፊቴ አንድ ስንዝር ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው የሚያለቅስ በሚመስል ድምፅ «ቦራ፣ ቦራ» ይላል።

በሩ ተከፈተ። ሸጋ ደፉ ላይ ቆማለች። መጥረጊያዋ በእጇ ነው። ከደፉ ወዲህ አንዲት እግር አላስገባችም።

«ሲስተር» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር። «ልግባ?»

ዓይኗ ዓይኔ ውስጥ ነበር። በዚያች ቅጽበት እንደምታውቅ አወቅሁ።

«ግቢ» አልኳት።

መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ገባች። ወደ መቀሱ አልሄደችም። ሁልጊዜ ወደምትቆምበት፣ ወደ ራስጌው ሄደች። መዳፏን ግንባሩ ላይ አድርጋ በቋንቋቸው መናገር ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ዕለት ተዕለት ለሚያገኙት ጎረቤት የሚነገር ነገር ይመስል። ከምትለው ውስጥ የለየሁት «ቦራ» የሚለውን ብቻ ነው። እሱ ጠየቃት። እሷ መለሰች። መልሶ ጠየቀ። ክንዱ ወረደ። መቀሱን ከጣቶቹ ውስጥ አንድ በአንድ እያላቀቀች ወሰደችና ሳታየኝ ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

ሌላ ብልቃጥ ሰብሬ ኪኒኑን ወጋሁት። እሷ ወጥታ የተሰበረውን ብልቃጥ ለመጥረግ መጥረጊያዋን ይዛ ስትመለስ፣ አሁንም ደፉ ላይ ቆማ ፈቃዴን ጠበቀች።

አየነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከበቅሎው ሳይወርድ ወሬውን ሰምቶ ነበር። የአበረን ክንድ አየ፣ የእኔን አንገት አየ። አንገቴን ሲያይ ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ሌላ ቀን ቢሆን ዕድሜ ልኬን እንደ ስጦታ እይዘው ነበር። ማን ፈታው ብሎ ጠየቀ። አፌን ስከፍት ሸጋ ቀደመችኝ።

«ጠፍሩ አርጅቶ ነበር» አለች። «ራሱ በጠሰው።»

አበረ ጣሪያውን አየ። እኔ የአንገቴ ሕመም ጠፍቶ ሌላ ሕመም ያዘኝ። በቋንቋ በልጣኛለች፣ በእጇ በልጣኛለች፤ አሁን ደግሞ በደግነት በለጠችኝ። በዚህም ቀናሁባት።

አየነው ቢሮው ገብቶ ወረቀት አወጣ። ስገባ የተቆጣጣሪውን ስም ጽፎ አገኘሁት። ይህ ሰው ሥራ ሳያውቅ ባመጣው ትእዛዝ ሁለት ሠራተኞቼ ሊሞቱ ነበር ብዬ እከሰዋለሁ፣ አስባርረዋለሁ አለኝ። ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀደው ደርሷል። ያንን ሰው አስታወስኩት፤ መነጽሩን በክር ያሰረ፣ ሲሄድ ሁላችንንም አመስግኖ የሄደ ሽማግሌ ነበር።

«ጠፍሩን የፈታሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ቀና አለ።

«ደብዳቤውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም።»

ብዕሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ስለ ንጽሕና ብለሽ ነው» አለኝ። እየጠየቀኝ አልነበረም፤ መውጫ እየሰጠኝ ነበር። አዎ ብዬው ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«አይደለም። ስትስቁ ስለምሰማ ነው። ምን እንደምትሉ አላውቅም። ታጭታልህ እንደነበረ ሰማሁ፣ ከዚያ በኋላ ሳቋን መስማት አልቻልኩም።»

መስኮቱ ጋ ሄደና ጀርባውን ሰጠኝ። ግቢው ውስጥ ሸጋ ደም የነካውን አንሶላ ታጥባለች።

«የነገሩሽ ግማሹን ነው» አለኝ። «እጮኝነቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ገብቼ ሸሚዝ መልበስ ስጀምር ያልተማረች አልፈልግም ብዬ ላክሁባቸው። እነሱም አፍረው፣ አባቷን ለሚያህል ሰው ሰጧት። ካገባች በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልሳቀችም አሉኝ። ባሏ ሲሞት እዚህ ሥራ ያስገባኋት እኔ ነኝ። የምቀልደው እንድትስቅ ብዬ ነው። ሌላ የምመልስላት ነገር የለኝም።»

ሸጋ አንሶላውን ጨምቃ ገመድ ላይ ዘረጋችው።

«እኔ አንድ ጊዜ ከደጄ መለስኳት» አለ፣ አሁንም ሳያየኝ። «አንቺ ደግሞ ሁለተኛ መለስሻት። ያውም በእኔ ምክንያት።»

የተቆጣጣሪው ስም ያለበትን ወረቀት ቀደደው። ከዚያ በቢሮው ውስጥ ከእኛ ሌላ ማንም እንደሌለ እያወቀ፣ «ሌላ ነገር አለ፣ ሲስተር?» አለኝ። ብቻችንን ስንሆን በዚያ ስም ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። ወጥቼ መድኃኒት ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ደረቴ ውስጥ የእሱ ወረቀት ነበር፤ እንደ በረዶ ቀዘቀዘኝ።

በማግስቱ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ እውነት ሆኖ ሳለ ክፉ እንደነበረ፣ ያቺ ሴት ከራስጌ ባትቆም ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍ እጅ እንደማይኖር፣ ትእዛዙ እንዲሻርና ጥፋቱ በስሜ እንዲመዘገብ። አየነውን አስፈረምኩት፤ አንብቦ ፈረመ። ከዚያ ሸጋን ፈልጌ ሄድኩ። ከበርሜሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ታጥባለች። ማንበብ ስለማትችል ከፊቷ ቆሜ አነበብኩላት።

«አውቄያለሁ እኮ» አለችኝ ስጨርስ።

ማን እንደነገራት ጠየቅኋት።

«ማንም አልነገረኝም። ያን ዕለት ደብዳቤው ሲነበብ ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ጣሪያ ጣሪያውን ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ታዲያ ለምን ደፉ ላይ ቆማ አሳልፋ እንዳልሰጠችኝ፣ ለምን ለአየነው እንደዋሸችልኝ መጠየቅ ፈለግሁ። አሁንም መጠየቅ አልቻልኩም። የጠየቅኋት ስለ ገበየሁ ነው፤ ምን ብላው እንደተረጋጋ።

«ቦራ ፈረሱ ናት። ግንባሯ ነጭ። ቆላ ይዟት ወርዶ እዚያው ሞተችበት። እሱ ግን በሕልሙ የሰረቁበትና እሱን ያሰሩት መስሎት ይፈልጋታል። ቦራ ደጅ ታስራለች፣ ውኃ አጠጥቻታለሁ፣ አንተ ተኛ አልኩት።» ጨርቁን ጨመቀችው። «ሲነቃ ያውቀዋል። እስኪነቃ ድረስ ግን ትኑርለት።»

ይህን ስትል አየነው በግቢው ተሻግሮ አለፈ። ሸጋ ቀና ብላ አየችውና ዓይኗን ወደ ውኃው መለሰች። ከዚያ በኋላ ምንም ልጠይቃት የምችለው ነገር አልነበረም። ለገበየሁ የነገረችውን ዓይነት ውሸት፣ ስለ አየነው ለራሷም ስትነግር እንደኖረች ተረዳሁት መሰለኝ። ቅናቴ አልለቀቀኝም። ነገር ግን አብሮት ሌላ ነገር መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

በአራተኛው ቀን ገበየሁ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። የበላይ መሥሪያ ቤቱ መልስ እስኪመጣ አየነው ሸጋን በራሱ ኃላፊነት ወደ ቦታዋ መልሷታል። እሷ ከራስጌው፣ አየነው ከግርጌው፣ እኔ የመጨረሻውን መርፌ ይዤ ከጎኑ ቆመናል። አየነው በእነዚያ ቀናት ከሥራ ውጪ አንድ ቃል አላናገረኝም። ወደ አዲስ ቦታ እንድዛወር ለመጠየቅ የጻፍኩት ማመልከቻ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ገበየሁ አንገቴ ላይ የቀሩትን የጣቶቹን ምልክቶች ዐይቶ አፈረ። በሸጋ በኩል ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እጄን ይቁረጡት ይላል አለችኝ። መርፌውን ወግቼህ ልጨርስና እንነጋገራለን በይው አልኳት። ነገረችው፤ ሳቀ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነው፤ ያመጣሁትም እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ገበየሁ ወደ አየነው ዞሮ በአገጩ እኔን እያመለከተ አንድ ነገር ጠየቀው። አየነው ካርዱን አገላበጠ፣ መልሶ አገላበጠ፣ ከዚያ አጭር ነገር ተናገረ። ገበየሁ ረጅም «እ...» አለ። ሸጋ ግን አልሳቀችም። ሻሿ ሳይንሸራተት እጇን አንሥታ አስተካከለችው።

ያ የማውቀው ቅናት ደረቴ ላይ ወጣ። ትሪውን ይዤ ልወጣ ነበር፤ ሁልጊዜ እንደማደርገው። እግሬ እምቢ አለኝ።

«ምን ተባባላችሁ?» አልኩ።

ሦስቱም አዩኝ። ያን ያህል ቀላል ነገር ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። አየነው ካርዱ ላይ አቀረቀረ፤ ጆሮው ቀልቷል። ማስተርጎም የእሷ ሥራ ነውና ሸጋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ገበየሁ የጠየቀው፣ ይህች ባለመርፌ ባል አላት ወይ ነው።»

«እሱስ ምን አለ?»

ድምፅዋ ትንሽ ዝቅ አለ። ሥራዋን ግን አላጎደለችም።

«እኔ ለምኛታለሁ አለ። ከጥምቀት ጀምሮ መልሷን እየጠበቅሁ ነው አለ። አሁንም እየጠበቅሁ ነው አለ።»

አየነው ቀና ብሎ አየኝ፤ የሰሞኑ ሲስተር ዓይኑ ውስጥ አልነበረችም። ኪሴ ውስጥ ያለው ማመልከቻ ትዝ አለኝ፣ ደረቴ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አለኝ። የአባቴ ቁጣ እንኳ ትዝ አለኝ፤ ሩቅ ነበር። ልመልስለት ወደ እሱ ስዞር ዓይኔ መንገድ ላይ ሸጋን አገኛት። እጆቿን አጣምራ፣ እንደማንኛውም በሽተኛ መልስ፣ የእኔንም ቃል ተቀብላ ለማቀበል ተዘጋጅታ ቆማለች።

«ሸጋ» አልኳት። «በእናንተ ቋንቋ እሺ እንዴት ነው የሚባለው?»

አየነውን አላየችም። እኔን እያየች፣ ለሕፃን እንደሚያስተምሩት ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ እኔም ተከትያት አልኩት። ገበየሁ በሁለት እጁ አጨበጨበ፣ አየነው ፊቱን በካርዱ ሸፈነ። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ደስታዬ መካከል የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ያ ቃል ከእኔ አፍ ከመውጣቱ በፊት፣ እሱ እየሰማት፣ ከእሷ አፍ ወጥቷል።